መሐል ወንበር

የማስታረቂያው ክፍል ቀደም ሲል የተቀደዱ ካርታዎችና የተነፈሱ ኳሶች መጣያ ነበር። አሁን አራት ወንበሮች ብቻ አሉበት። ጠረጴዛ የለም፤ ጠረጴዛ ካለ ሰው ከኋላው ይደበቃል ብላ ያስወጣችው የትምህርት ቤቱ አማካሪ መምህርት ናት። የተጣሉት ሁለት ልጆች ፊት ለፊት አይፋጠጡም፣ ጎን ለጎንም አይቀመጡም። ወንበሮቻቸው ትንሽ ገደድ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ መተያየት ለፈለገ እንዲተያይ፣ ላልፈለገ ደግሞ ግድግዳውን የሚያይበት ሰበብ እንዲያገኝ። በመሐላቸው ቢጫ ሪባን ደረታቸው ላይ ያሰሩ ሁለት ተማሪዎች ይሆናሉ፤ አስታራቂዎቹ እነሱ ናቸው። አማካሪዋ ግድግዳውን ተደግፋ ትቆማለች። ካልጠየቋት አትናገርም።

በዚያ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት የስፖርት መምህሩም በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ፊሽካው ከአንገቱ ስለማይወርድ ተማሪው ሁሉ "ፊሽካ" ይለዋል፤ እሱም ስሙን ከወደደው ቆይቷል። ይህን ሥራ ከአማካሪዋ ጋር አብረው ነው የጀመሩት። እሷ ልጆቹን ማስታረቅ ታስተምራለች፣ እሱ ደግሞ ጠበኞቹን ከሜዳ እየለቀመ ያመጣላታል። ድሮ በሥራ መሐል ዓይናቸው ሲገጣጠም አንዳቸው ፈገግ ይሉ ነበር። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ሁለቱም ወለሉን ያያሉ።

የዕለቱ ባለጉዳዮች የመረብ ኳስ ቡድኑ ልጆች ናቸው። አንደኛዋ ቁጡ ስለሆነች "ቃሪያ" ትባላለች። ሌላዋ ትንሽና ፈጣን ናት፤ "ድንቢጥ" ይሏታል።

"አንቺ ጀምሪ፣" አለቻት ድንቢጥን ከአስታራቂዎቹ አንዷ፣ ረጅሟ፣ ሎጋ የምትባለው።

"ኳሷን ያወጣቻት እሷ ናት። እኔ 'ቀስ በይ' ነው ያልኳት። ከዛ በሰው ሁሉ ፊት 'መጥረጊያሽን ይዘሽ እንደ እናትሽ ሂጂና ጥረጊ' አለችኝ።" የድንቢጥ እናት የዚሁ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት።

ሁለተኛው አስታራቂ፣ መነጽራሙ ልጅ፣ ወደ ቃሪያ ዞረ። "መልስ ከመስጠትሽ በፊት ያለችውን ድገሚው። እሷ 'ልክ ነው' እስክትል።"

"ቀስ በይ አለችኝ፤ እኔም አንድ ነገር አልኳት።"

"ልክ አይደለም፣" አለች ድንቢጥ። "ያልሽኝ አንድ ነገር አይደለም።"

"ኡፍ! እሺ፣ መጥረጊያ አልኳት። ስለ እናቷም አልኩ። አሁንስ?"

"አሁን ልክ ነው።"

"ግን እሷም እኮ ልምምድ ላይ ሁሌ ታዘኛለች! ማን ሾሟት ነው? አሠልጣኝ ናት እንዴ?"

"ጥሩ። አሁን አንቺ ደግሞ የእሷን ድገሚ፣" አለ መነጽራሙ ለድንቢጥ።

ድንቢጥ አፏን ከመክፈቷ በፊት ሎጋ ከወንበሯ ተነሳች። ሪባኗን ከደረቷ ፈታ ለጓደኛዋ ሰጠችው።

"ምን ሆንሽ ደግሞ?" አላት ልጁ።

"እኔ መሐል አይደለሁም።" የሎጋ ድምፅ ቀጠነ። "የድንቢጥን እናት ትናንት ደረጃው ሥር ስታለቅስ አይቻታለሁ። እዚህ ተቀምጬ 'የሁለታችሁም ሐሳብ ይገባኛል' ብል መዋሸቴ ነው። ቲቸር፣ ራስሽ አይደለሽ ያልሽን? ወገን ያለው ሰው ይነሳል ብለሽ የለ?"

አማካሪዋ ብላ ነበር። በመጀመሪያው የሥልጠና ቀን በሰሌዳው ላይ በትልቁ የጻፈችው እሱን ነው። "ጥሩ አድርገሻል፣" አለች። ሌላ ልጅ ተጠርቶ የሎጋን ቦታ እስኪይዝ ድረስ ቀና ብላ በሩን አየች። የስፖርት መምህሩ ዓይኑን ወለሉ ላይ አልጣለም። እያያት ነበር። ቁጣ የለበትም፤ ይህ ነው ያስጨነቃት። የልጅቱን ጥያቄ ተቀብሎ ለእሷ የሚያቀብላት ይመስል ነበር፤ እሷም ተቀብላ የምታስቀምጥበት አጣች።

ጠቡ በሰላም አለቀ፤ አጨራረሱ ግን አማካሪዋ እንዳሰበችው አልነበረም። ቃሪያ በጥድፊያ "እሺ ይቅርታ፣ በቃ?" ስትል፣ ድንቢጥ ራሷን ነቀነቀች። "የሰደብሽው እኔን አይደለም። እናቴን ነው። እሷ ጋ ሂጂ።" ቃሪያ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አየች። "ብቻዬን?" አለች በመጨረሻ። "ብቻሽን።" "እሺ።"

ልጆቹ ሲወጡ ሁለቱ መምህራን ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው መመለስ ጀመሩ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ያዙ፤ ድሮም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት፤ ያኔ ግን እሱ ሦስት ይዞ ይሽቀዳደማት ነበር።

"ቃሪያ የምር የምትሄድ ይመስልሃል?" አለችው፤ ዝምታው ስለከበዳት እንጂ ጥርጣሬ ኖሯት አይደለም።

"ትሄዳለች። ሜዳ ላይ አውቃታለሁ። ትሳሳታለች እንጂ አትሸሽም።"

ለእሷ ብሎ እንዳልተናገረው ታውቃለች። ቢሆንም ቃሉ አገኛት።

"ዝውውሬ ተፈቅዷል፣" አለ ጀርባውን እንደሰጣት። "ቅዳሜ እሄዳለሁ።"

"የት?"

"ከተራራው ወዲያ አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት አለ። የማስታረቁን ሥልጠና እዚያም ጀምርልን ብለውኛል።"

እጇ ላይ ያለውን ወንበር አስቀመጠችው። የተማረችው ሁሉ፣ ስታስተምር የኖረችው ሁሉ፣ ሳትጠራው ተሰልፎ መጣላት። "የምትሄድበት ምክንያት ይገባኛል። እዚህ መቆየት ከብዶሃል። እንደተገፋህ ተሰምቶህ..."

"እባክሽ!" ዞረ። "እባክሽ እንደ ተማሪ አታድርጊኝ። ያልኩትን መልሰሽ አትንገሪኝ። እኔ ያልኩትን አውቀዋለሁ። ጆሮዬ የናፈቀው አንቺ የምትይውን ነው።"

ምን ማለቱ እንደሆነ ለሁለቱም ግልጽ ነው።

የእሷ አባት በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው። የእሱ አባት ደግሞ ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ የዳኛው ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ ልጁም ያደገው በሩ አጠገብ ባለችው የዘበኛ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ግቢ አድገዋል ማለት ይቻላል፤ በአንድ ቤት ግን አላደጉም። እሱ ከግቢው ወጥቶ፣ ተምሮ፣ መምህር ሆኖ፣ አንድ ትምህርት ቤት ተመድበው ሲገናኙ ነው እሷ ሳቁን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው እንደኖረች ያወቀችው። ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ ከጆሮዋ አልጠፋም።

ከሁለት ወር በፊት ኮቱን ለብሶ፣ አባቱ ይከፍቱት በነበረው በር ገብቶ፣ እሷን ለማግባት ዳኛውን ጠየቀ። ዳኛው አላቋረጡትም። እስከ መጨረሻው ሰሙት፤ ሻይ አስቀዱለት። ከዚያ ውሳኔ በሚያነቡበት ለስላሳ ድምፅ እንዲህ አሉት፦ "አንተን አከብርሃለሁ። ተምረሃል፣ ጨዋም ነህ። ነገር ግን ከውሻዬ ጎን ያሳደርኩትን ሰው ከራሴ ጎን አላስቀምጥም።"

እሷ በሁለቱ መሐል ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው የሥራዋ ቃል ነው። "አባባ፣ እርስዎን የቤተሰቡ ክብር አሳስቦዎታል። አንተ ደግሞ በአባትህ ሥራ መመዘንህ ጎድቶሃል። የሁለታችሁም ይገባኛል።" ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። ለሁለቱም እኩል አንገቷን አዞረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ ያለቅስ ነበር፣ ተነስቶ ይወጣ ነበር። እሷ አስታረቀች። እሱ ሻዩን ሳይጨርስ አመስግኖ ወጣ፤ በሩንም ራሱ ከፍቶ ራሱ ዘጋው።

"ያን ቀን ፈርቼ ነበር፣" አለችው አሁን።

"አልፈራሽም። ብትፈሪ ይሻለኝ ነበር። የፈራ ሰው ድምፁ ይንቀጠቀጣል።" የክፍሉን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ አኖረው። "አባቴ እናንተ ቤት ባለው በዚያ ወንበር አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ አያውቅም፤ አንቺ ግን ተቀምጠሽበት የአባትሽን ስድብና የእኔን ሕመም እኩል አድርገሽ መዘንሽው።"

ከወጣ በኋላ ቁልፉን አነሳችው። ከኪሱ ሙቀት ጥቂት ቀርቶበት ነበር፤ እስኪበርድ ድረስ በመዳፏ ያዘችው፤ ሲበርድም አልለቀቀችውም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዳኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሬዲዮናቸውን አንቴና በሻሽ ይወለውሉ ነበር። ልጃቸው ቦርሳዋን ሳታወርድ ከፊታቸው ቆመች።

"ተቀመጪ እንጂ።"

"ቆሜ ይሻለኛል፣ አባባ። ያን ቀን ስለ ጋሼ ስለተናገሩት ነው።" ከልጅነቷ ጀምሮ ዘበኛውን ጋሼ ነው የምትላቸው።

"እሱ ጉዳይ ተዘግቷል።"

"እኔ ሳልናገር ነው የተዘጋው።"

"ኧረ ተናግረሻል። እንዲያውም እንዴት ባለ ሥርዓት! ኮርቼብሻለሁ። ከዳኛ ልጅ የሚጠበቅ ነው።"

ስድብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላቃጠላት። ሁለት ወር ሙሉ ሲመርዛት የኖረውን ነገር አባቷ እንደ ሜዳልያ ደረቷ ላይ አንጠለጠሉላት። "ያን ቀን ዳኛ አልነበርኩም፣ አባባ። ባለጉዳይ ነበርኩ።"

ዳኛው ሻሹን አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ይህ ምን ማለት ነው?"

"እወደዋለሁ ማለት ነው። ስለ አባቱ ያሉትም ነውር ነው ማለት ነው።" ነውር የሚለውን ቃል ለአባቷ ተናግራ አታውቅም፤ ከወጣ በኋላ ግን ልትመልሰው አልፈለገችም። "ዝናብ ሲጥል ከትምህርት ቤቱ መኪና እስከዚህ በረንዳ በትከሻቸው ተሸክመው የሚያደርሱኝ ማን ነበሩ? እርስዎ እኮ ያኔ ችሎት ላይ ነዎት። ከእሳቸው ጎን መቀመጥ እርስዎን ካሳፈረዎት፣ እኔን ደግሞ ከእርስዎ ጎን መቀመጥ ያሳፍረኛል።"

አባቷ የተቆጡ አይመስሉም፤ የደከሙ ይመስላሉ። "እኔን ክፉ አድርገሽ አትይኝ። ያ ሰው እኔን ባየ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳል። ልጅ ትወልጃለሽ። ያ ልጅ አንዱ አያቱ ለሌላው አያቱ እየተነሳ ሲያይ እንዲያድግ ነው የምትፈልጊው?"

"አይነሱ ይበሏቸዋ!"

ጮኸች። በዚያ ቤት ውስጥ ጮኻ የማታውቅ ልጅ ጮኸች፤ ከጓሮው ርግቦች ተነስተው በረሩ።

"ነገ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ፣" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ስለ ራሴ ነው የምጠይቀው። የእርስዎን እርስዎ ነዎት የሚጠይቁት።"

ዳኛው ሬዲዮኑን ከፈቱ፤ አንድ ድምፅ ስለ ነገው አየር ያወራ ጀመር። የሚሰሙት መስለው ወደ ጎን ዞሩ። እሷ ግን ማዞሪያው ላይ ያረፈውን እጃቸውን አየች፤ ድምፁን ያለ ምክንያት ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር። ልትይዝላቸው ፈለገች፤ ስላልያዘችውም ሌሊቱን ሙሉ አዘነች። ብትይዘው ኖሮ ግን የተናገረችውን ሁሉ መልሳ መውሰዷ መሆኑን ታውቅ ነበር።

የቀድሞው ዘበኛ ቤት ከአንድ ጎማ ጠጋኝ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ቅዳሜ ጠዋት አማካሪዋ ስትደርስ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የልጃቸውን ሸሚዞች ያጣጥፋሉ። ሲያዩዋት ሸሚዙን ጥለው፣ አልጋውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ ሊነሱ ታገሉ።

"እንዴ! እትዬ! በእግርዎ ነው እዚህ ድረስ?"

"ይቀመጡ ጋሼ፣ በሞቴ! ይቀመጡ!"

"ኧረ እንዴት ተደርጎ!" በባርኔጣቸው አንዷን ወንበር ወለወሉላት፤ የተወለወለችውን ወንበር እንደገና ወለወሏት። "ልጁ ለሻንጣው ማሰሪያ ገመድ ሊገዛ ወጣ። ሻንጣው አርጅቶ ሆዱን መያዝ አቅቶታል፣ እንደ እኔ።" ሳቁ፤ ሳቁ የልጃቸው ሳቅ ነው። "ምን ላምጣልዎት?"

"ምንም። ጋሼ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

ቃሪያ ትናንት ጠዋት ደረጃው ሥር ለድንቢጥ እናት ስትናገር አማካሪዋ ከሩቅ አይታታለች። ያቺ ልጅ የሄደችበትን መንገድ ነው እሷም የምትሄደው። የሙያዋም ሕግ እንዲሁ ይላል፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አስቀድሞ ጥፋቱን ሳይሸፋፍን በሙሉ ይናገራል። ስለዚህ ተቀምጣ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ሙሉውን ተናገረች።

"አባባ 'ከውሻዬ ጎን ያሳደርኩትን ሰው ከራሴ ጎን አላስቀምጥም' ብለው ስለ እርስዎ ሲናገሩ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ..."

የወንበሯን መደገፊያ ይወለውል የነበረው ባርኔጣ ቆመ።

"ማን ነው እንዲህ ያለው?" አሉ ሽማግሌው።

ያን ጊዜ ገባት። የድንቢጥ እናት ስድቡን ሰምታለች፣ አልቅሳበታለች። እኚህ ሰው ግን አልሰሙም ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ልጃቸው በአካሉ ጋርዶ ያስቀረውን ድንጋይ እሷ ራሷ፣ በሥርዓት፣ በተስተካከለ ዓረፍተ ነገር፣ ደረታቸው ላይ ወረወረችው።

በሩ ተከፈተ። የስፖርት መምህሩ ገመድ በእጁ ይዞ ደፉ ላይ ቆመ። አንድ ጊዜ አባቱን፣ አንድ ጊዜ እሷን አየ።

"ነገርሽው?"

"ያውቃሉ ብዬ..."

"ነገርሽው!" ገመዱ ከእጁ ወደቀ። "'ምን አሉ ዳኛው?' ባለኝ ቁጥር 'እያሰቡበት ነው' ስለው ከረምኩ! የምሄደው ለምን ይመስልሻል? ከአንቺ ብቻ ሸሽቼ ነው? ፊቱን እያየሁ መዋሸት ስላቃተኝ እኮ ነው!"

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰዓት የሚባል ቃል ታውቃለች። መቆጣትህ ይገባኛል። ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደ መራራ ነገር ዋጠችው።

"አጠፋሁ፣" አለች። "ሳልጠይቅህ መጣሁ። አጠፋሁ።"

"አንተ ዝም በል፣" አሉ ሽማግሌው ልጃቸውን። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። "የተሰደብኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ፤ ፊታቸው ላይ ያ የዘወትር ትሕትና አልነበረም። "እሱ እንዲህ ሲል አንቺ የት ነበርሽ?"

"እዚያው ነበርኩ።"

"ምን አልሽ?"

"የሁለታችሁም ይገባኛል አልኩ።"

"የቱ ነው የገባሽ? የውሻው?"

ከፊት ለፊት ጎማ ጠጋኙ መዶሻውን ሲመታ ይሰማል። እሷ ስትናገር ድምፅዋ አልታዘዛት አለ፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ተሰበረ።

"ምንም የገባኝ ነገር አልነበረም፣ ጋሼ። ልቤ ከእናንተ ጋር ነበር፤ አፌ ግን መሐል ቁጭ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ መሐል መሆን ነው የተማርኩት፤ ደግ ሰው መሆን እሱ ይመስለኝ ነበር። ትናንት ለአባባ ነግሬያቸዋለሁ። ያሉት ነውር ነው ብያቸዋለሁ። ልጅዎትን እወደዋለሁ ብያቸዋለሁ። ግን ያኔ ነበር ማለት የነበረብኝ። ያኔ እሱ ሲነሳ አብሬው መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። አልተነሳሁም..."

ከዚያ በላይ አልቻለችም። እንባዋን የሚያብስ ሰው አልነበረም፤ እሷም አላበሰችውም። የስፖርት መምህሩ ደፉ ላይ እንደቆመ ነው። ያን ድምፅ በአንድ ግቢ ሲያድጉ አልሰማውም፤ በሥራም አልሰማውም። እግሩ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ተራመደ፤ ከዚያ አባቱን አይቶ ቆመ።

ሽማግሌው ግራ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን አሳዩአት። ከአውራ ጣቱ ሥር አሮጌ ጠባሳ አለ።

"ይህን ታያለሽ? ያ ውሻ የነከሰኝ ነው። እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ እጄን ከኋላ ደብቄ ነው ለአባትሽ በር የከፈትኩት። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቢሰሙ ያስገድሉታል ብዬ። አንቺ ትወጂው ነበርና።" እጃቸውን መልሰው ጭናቸው ላይ አኖሩ። "በአባትሽ አልተቆጣሁም። እሱን አውቀዋለሁ፤ የሚናገረውንም አውቅ ነበር። የተቆጣሁት በአንቺ ነው። አንቺ እንኳ? በትከሻዬ ያደረስኩሽ ልጅ? ጭቃ እንዳይነካሽ ብዬ እኔ ጭቃ ውስጥ የገባሁልሽ ልጅ አፍ አጣሽልኝ?"

"አጣሁ፣ ጋሼ።"

"አጣሽ!" መዳፋቸው አልጋውን መታ። የተጣጠፉት ሸሚዞች ተንሸራተው ወደቁ። ማንም አላነሳቸውም።

ቆይተው አሉ፦ "ይቅር እልሽ እንደሆነ አላውቅም። ዛሬ አልልሽም። ዛሬ ብልሽ ለእትዬነትሽ ብዬ ነው የሚሆነው፤ ያን ደግሞ ስለው ኖሬያለሁ። በሚመጣው ቅዳሜ ነይ። ይቅር ብዬሽ ከሆነ እነግርሻለሁ። ካላልኩሽም እነግርሻለሁ።" ዓይናቸውን ከእሷ አንስተው ወደ ሻንጣው ላኩ። "አሁን ልጁን ሸኚልኝ። ጉልበቴ መናኸሪያ ድረስ አያደርሰኝም። ምን ትጠብቂያለሽ? በዚያኛው በኩል ያዢለት!"

ሻንጣውን በሁለት ወገን ይዘው ወደ መናኸሪያው ወረዱ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አንዳንዴ ትከሻቸው ይነካካ ነበር፤ ማንኛቸውም ፈቀቅ አላሉም።

"ዝውውሩን አልሰርዝም፣" አለ እሱ።

"አትሰርዝ። እዚያም ልጆች አሉ።"

"ሁለተኛ አባትሽን ልጠይቅ አልሄድም።"

"አትሂድ። የምትጠይቀው እኔን ነው።"

ሻንጣውን ለጫኙ አቀበለና ዞሮ አያት። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቷል፤ ረዳቱ እየጮኸ ነው። "አሁን ልጠይቅሽ ምላሴ ላይ ነው፤ ሁለት ወር ሙሉ ምላሴ ላይ ነው የኖረው። ግን አባቴ 'ይቅር ብያታለሁ' ሳይለኝ አልጠይቅሽም። ትረጂኛለሽ?"

"ካላሉስ?"

እጇን ያዘው፤ በሕዝብ መሐል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጇን ይዞ ቆመ። ረዳቱ "ወንድም፣ ትገባለህ ወይስ እጅ እንደያዝክ ትቀራለህ?" ብሎ ተሳለቀበት፤ ተሳፋሪዎቹ ሳቁ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣" አለ በደረጃው ላይ ሆኖ። "አባቴ እናንተ ቤት በኖረበት ዘመን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ጎረቤት ቢበድለው ዝም ይላል፤ ሰው ቢያታልለው ይስቃል። በሕይወቴ ሲቆጣ ያየሁት በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነው፤ በእኔ። እስከ ዛሬ ድረስ።"

አውቶቡሱ ሄደ። አቧራው ቀስ እያለ ሲያርፍ እሷ እዚያው ቆማ ነበር። የሽማግሌው ቁጣ ገና ደረቷ ውስጥ ይከብዳት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚያበርደውን ቃል ትፈልግለት ነበር። አሁን አልፈለገችም። እስከሚመጣው ቅዳሜ ድረስ እንዳለ ልትሸከመው ፈለገች፤ ማንም ለእንግዳ የማይሰጠው፣ ለልጁ ብቻ የሚሰጠው ነገር ነበርና።